የትንሹ ኮከብ ቀለም

ከእኔ ቀድሞ የተያዘው ቴሌስኮፔ ነው። ገና ራት ሳንቀርብ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ፖሊሶች የግቢያችንን በር በእርግጫ በርግደው ገቡ። ሁለቱ ቱቦው ላይ ተከመሩበት፤ ሦስተኛው "ሞርታር ነው! እንዳትነኩት!" ብሎ ጮኸ። ሁለቱ ወዲያው ለቀው ሸሹ። ባልፈራ ኖሮ እስቅ ነበር።

ሞርታር አይደለም፣ የፍሳሽ ቱቦ ነው። እኔ ኩልፎ ወንዝ ዳር ባሉት የሙዝ እርሻዎች የውሃ ፓምፕ የምጠግን መካኒክ ነኝ። ቱቦውን ከሥራ ከተረፈ ቆርጬ፣ እግሩን ከአሮጌ ፓምፕ ብረት በይጄ፣ መስታወቱን ብቻ ከውጭ አስመጥቼ የሠራሁት ነው። ይህን ሁሉ እያስረዳሁ በካቴና አሰሩኝ። ባለቤቴንም አሰሯት። እህቷ ልጆቻችንን ይዛ በረንዳው ላይ ቆማ ነበር፤ ትንሿ "እማዬ!" እያለች ስትጮህ አንዱ ፖሊስ "ዝም አስብያት!" አላት። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ ሳስታውስ ደሜ ይፈላል።

እውነተኛው ጥፋቴ ሌላ ነው። ጥቂት ቀደም ብሎ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ "ከሰፈራችን የወሰዳችኋቸው ወጣቶች የት ናቸው?" ብዬ ጠይቄ ነበር። በመልስ ፈንታ ስሜን መዘገቡ። ከዚያ በኋላ ሰበብ ብቻ ነበር የሚፈልጉት። ሰበቡን ጎረቤታችን ሰጣቸው።

የአርባ ምንጭን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ያንን ሙቀት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ መስኮት በሌለው የእስር ክፍል፣ ጥግ ላይ ከተቀመጠ የሽንት ጀሪካን ጋር አስቡት። ግድግዳው ሰው እስከሚደገፍበት ድረስ በወዝ ጠቁሯል። አጠገቤ የተኛው አንድ የሸቀጥ አከፋፋይ ነጋዴ ነበር፤ ለምን እንደታሰረ እሱም አያውቅም። ከቤቱ ከመጣለት ዳቦ ግማሹን ቆርሶ "ብላ ወንድሜ፣ እዚህ የሚያኮርፍ ሰው ይከሳል" አለኝ።

በማግስቱ መርማሪው ዘንድ አቀረቡኝ። ታናሽ ወንድሜ ሊሆን የሚችል ልጅ ነው፤ ገና ስገባ "አንተ፣ ቁጭ በል" አለኝ። ቴሌስኮፔ ጥግ ላይ ቆሟል። ዓይን የሚደረግበት ጫፍ ላይ ኮፍያውን ሰቅሎበታል።

"ማታ ማታ ወደ ኦቾሎ ተራራ እያያችሁ ቀለም ትጠራላችሁ፤ ጎረቤት ሰምቷል። ከተራራው ላይ መብራት የሚያሳያችሁ ማነው?"

"ኮከብ ነው ጌታዬ።"

"ኮከብ በስሙ ይጠራል እንጂ በቀለሙ ይጠራል?"

አስረዳሁት። በባዶ ዓይን አንድ የሚመስል፣ በመስታወት ሲታይ ግን ሁለት የሚሆን ኮከብ አለ። ትልቁ ወርቅማ ነው፤ በዚህ ከባለቤቴ ጋር ተጣልተን አናውቅም። ጠባችን በትንሹ ነው። ደብዛዛ ስለሆነና ደማቅ ቢጫ አጠገብ ስለቆመ፣ ቀለሙ እንደየሰው ዓይን ይለያያል። ስለዚህ ደንብ አለን፦ አንዳችን አይተን ዝም፣ ሌላችን አይተን ዝም፤ ከዚያ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ብለን እኩል እንጠራዋለን። አንዱ የሌላውን ሰምቶ እንዳይቀይር ነው። እኔ ሰማያዊ እላለሁ። እሷ አረንጓዴ ትላለች። ሴቻ ገበያ ለሸማኔዎች ክር የምትሸጥ ሴት ናት፣ በቀለም አትታማም፤ እኔም ዓይኔን አምነዋለሁ። ስንት ዓመት ተከራክረንበታል!

ፈገግ አለ። "ሚስትህን ለብቻዋ ጠይቄያታለሁ። አረንጓዴ ነው አለች። አንተ ሰማያዊ ትላለህ። አንዳችሁ ዋሽታችኋል።"

"ማናችንም አልዋሸንም። ቴሌስኮፑ አጠገብዎ ነው፤ ዛሬ ሲመሽ ግቢው ውስጥ ያውጡትና አንዴ ይዩበት።"

"አንተ ነህ እኔን የምታዘኝ?" ብሎ በጥፊ አጮለኝ። ግራ ጆሮዬ እስከ ማግስቱ ሲጮህ ነበር።

ከዚያ ድምፁን አለዘበ። "በስልኬ እቀርጽሃለሁ፤ ‹ዋሽቼ ነው፣ ቀለሙ አረንጓዴ ነው› በል፤ የዋሸው እዚህ ይቀራል፣ ያልዋሸችው ልጆቿ ጋ ትገባለች" አለኝ። "እስከ ጠዋት አስብበት" ብሎ ወደ እስር ክፍሉ መለሰኝ።

ለነጋዴው ነገርኩት። "አንተ ሰው፣ ኮከብ ነው እንጂ እናትህ አይደለም! ጥቁር ነው ካሉህም ጥቁር ነው በላቸው" አለኝ። ሳቀ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን "ዋሽቻለሁ ካልክ የመብራት ምልክት ነበር ማለትህ ነው፤ ያኔ ማን ያወጣሃል?" አለ። ይህ አልጠፋኝም። ግን የትንሿ ልጄ ጩኸት ከጆሮዬ አልወጣ አለ። አረንጓዴ ልል ቆረጥኩ።

ጠዋት ስገባ ባለቤቴን አምጥተዋታል። ነጠላዋ ቆሽሿል፣ ከንፈሯ ደርቋል። መርማሪው ስልኩን ወደ እኔ ደግኖ "በል ጀምር" አለኝ። ፊቴን ገና ስታይ ልዋሽ እንደሆነ ገባት። በጋሞኛ ልታናግረኝ ጀመረች።

"በአማርኛ!" ብሎ ጠረጴዛውን መታ።

"እሺ፣ በአማርኛ፣ አንተም ስማ!" አለች፤ ወደ እኔ ዞረች። "ደንባችንን ረሳኸው? የእኔን ሰምተህ ልትቀይር? ያየኸውን ተናገር!"

"ትንሿስ?" አልኳት።

"እህቴ አለችላት። የውሸታም ልጅ ተብላ ከምታድግ ትንሽ ታልቅስ።" ድምፏ ተሰበረ፤ ቢሆንም አላቆመችም። "አንድ" አለች።

መርማሪው ምን እየተደረገ እንደሆነ አልገባውም። ስልኩ ይቀርጻል።

"ሁለት። ሦስት።"

"አረንጓዴ!" አለች። "ሰማያዊ!" አልኩ፤ እኩል፣ በግቢያችን እንደምንለው።

የዚያን ቀን ዱላ አልዘረዝርም። ሁለታችንም እዚያው እንደታሰርን ቀረን። ከብዙ ሳምንት በኋላ አንድ ቀን በቀትር "ውጡ" አሉን፤ ክስ የለ፣ ይቅርታ የለ። ቴሌስኮፑን መለሱልኝ፤ መስታወቱን በሻካራ ጨርቅ ፈትገው ጫጭረውታል።

ባለፈው ሰሞን መርማሪውን ሲቀላ ሰፈር፣ ጭማቂ ቤት በር ላይ አገኘሁት። እጁን ዘርግቶ፣ የድሮ ወዳጅ ይመስል እየሳቀ "ለመሆኑ የትኛው ነበር እውነቱ?" አለኝ።

"አጠገብህ ነበር የቆመው" አልኩት። "ኮፍያህን ሰቀልክበት እንጂ አላየህበትም።" እጁን እንደዘረጋ ትቼው ሄድኩ።

ይቅር በል የሚሉኝ አሉ። አልበረደልኝም፤ በረደልኝ ብዬም አልዋሽም። ኅዳር ሲገባ፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ ቱቦውን አሁንም ወደዚያው ተራራ እናዞረዋለን። ኮከቦቹ በተጫጨረው መስታወት ጭጋግ ለብሰው ይታያሉ፤ ትንሹ ግን አሁንም አለ። ትንሿ ልጃችንም ደርሳ ተራ ትይዛለች፤ እሷ ደግሞ ሐምራዊ ነው ባይ ናት፣ ማናችንም አናርማትም። ጎረቤታችን ቤቱን አልቀየረም። ሦስት ስንል ከድሮው ጮክ ብለን ነው የምንጠራው፣ ከአጥሩ ማዶ ላለው ሰው በደንብ እንዲሰማው።