ባዶውን የወጣው ባቡር

ኢሉባቦር ባቡር ደርሶ አያውቅም። እኔም ባቡር በዓይኔ አላየሁም፤ በፎቶ ነው የማውቀው። ያም ሆኖ በኮሮናው ጊዜ መቱ ተቀምጬ ባቡር ሠራሁ።

አናጢ ነኝ። ያን ሰሞን አልጋ የሚያሠራ ጠፍቶ እጄ ሥራ ፈትቶ ነበር። አሠሪው ሳይወስዳቸው የቀሩ ሁለት መዝጊያዎች ነበሩኝና እነሱን አጋድሜ አገር አደረግኋቸው። በአንዱ ጫፍ መቱን፣ በሌላው ጫፍ ከፍ አድርጌ ጎሬን ሠራሁ። ሐዲዱን ከቆርቆሮ ቀደድኩ፤ ፉርጎዋን ከዋንዛ ቁራጭ ጠረብኩ። ሞተሩ ከተበላሸ ቴፕ የወጣ ነው፤ በባትሪ ድንጋይ ይሄዳል።

ጎሬ ላይ ተጠንቅቄ የሠራሁት አንድ ቤት ብቻ ነው፤ በሩ አረንጓዴ፣ የታላቅ እህቴን ቤት። እትዬ እግሯን ከታመመች ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ከደጃፏ አትወጣም። በየሳምንቱ የምሄድላት እኔ ነበርኩ። ሚኒባሱ ሲቆም እኔም ቀረሁ። በስልክ «ሰው የሚባል ረሳኝ» ትለኛለች። ባቡሩ ሌላ ቦታ ሳይሆን እሷ በር ድረስ እንዲወጣ የፈለግሁት ለዚህ ነው።

አስተማሪዋ ልጄ ፎቶ አንስታ ቴሌግራም ላይ ለቀቀችው። በሳምንቱ ከድሬዳዋ አንድ ሰው ደወሉልኝ። ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። እሳቸውና ጓደኞቻቸው የሠሯቸውን ትናንሽ ባቡሮች በየዓመቱ አዳራሽ ውስጥ ያሳዩ ኖሯል። የዚያን ዓመት መሰብሰብ ስለተከለከለ በኢንተርኔት ሊያሳዩ ነው።

«ጋሼ፣ የእርስዎም ይግባ። ሁሉም ቤቱ ቁጭ ብሎ በስልኩ ያያል» አሉኝ።

«እህቴም ጎሬ ሆና ታያለች?»

«ማን ይከለክላቸዋል!»

እሺ አልኩ። እሺ ካልኩ በኋላ ነው ጉዱ። ባቡሩ ዳገቱን አልወጣም አለ። መሐል ሲደርስ ጎማው በከንቱ ይሽከረከርና ተንሸራቶ መቱ ይመለሳል። ለድሬዳዋው ሰው ደወልኩ።

«መንገዱን በምን ቀየሱት?»

«በመኪናው መንገድ ነዋ።»

ሳቁብኝ። «ባቡር ዳገት አይወድም ጋሼ። ያዙሩት።»

በየት ላዙረው? ለእትዬ ባወራላት ተቆጣች። «አንተ ድሮም ችኩል ነህ። የአባታችን በቅሎ በዚያ ወጥታ ታውቃለች?»

ያኔ ሁላችንም ጎሬ ነበርን። አባታችን መቱ ገበያ ወርዶ ጨው ጭኖ ይመለስ ነበር። እኔ ሕፃን ስለነበርኩ በቅሎዋን እየነዳች የምትከተለው እሷ ናት።

«ምንጩን በግራ ትተዋለህ። ዋርካውን ትዞራለህ። ከዚያ በቋጥኙ ሥር ተመልሰህ መምጣት ነው። እንዲያ ስትሄድ በቅሎም አይደክማት።»

ፊደል ብዙ አልቆጠርኩም፤ መስመር ማስመር ግን እንጀራዬ ነው። እሷ በስልክ እየነገረችኝ እኔ መዝጊያው ላይ በእርሳስ አሰመርኩ። ሐዲዱን ነቅዬ እንደገና ለመዘርጋት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ ባቡሩ ወጣ። እንደ ሽማግሌ እያዘገመ፣ ግን ወጣ።

ቀኑ ደረሰ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ልጄ ስልኩን ቀለም ጣሳ ላይ አስደግፋ አቆመችው። የሌሎቹ ባቡር ያብረቀርቃል፤ የእኔ ገና ኮላ ኮላ ይሸታል። በስልኩ አንድ ማዕዘን እትዬ አለች፤ ስልኩን ጎረቤቷ ከፍታላት።

«እትዬ፣ ዝቅ አድርጊው፤ ግንባርሽ ብቻ ነው የሚታየው።»

«የእኔን ፊት ተወውና ባቡሩን ልቀቀው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ለቀቅሁት። ምንጩን አለፈ። ዋርካው ጋ ሲያንገራግር እትዬ በኦሮምኛ «ኮቱ! ኮቱ!» እያለች በቅሎ እንደሚጠራ ጠራችው። መጣላት። አረንጓዴው በር ላይ ቆመ። ሰዎቹ አጨበጨቡ። እሷ ግን አላጨበጨበችም።

«ምነው እትዬ፣ ደረሰልሽ እኮ!»

«ደርሷል። ምን ይዞ ነው የደረሰው?»

ፉርጎዋን አየሁ። ባዶ ናት። ያን ሁሉ ቀን ስለ መውጣቱ እንጂ ስለሚይዘው አላሰብኩም።

«ከመቱ ድረስ መጥቶ ባዶ እጁን? አባታችን ይህን በር አንድ ቀን ባዶ እጁን ገፍቶ ያውቃል?»

«ጋሼ፣» አሉ የድሬዳዋው ሰው፣ «እህትዎ እውነታቸውን ነው።»

አፈርኩ። ባቡሩን ወደ መቱ መለስኩት። ልጄ ከጓዳ አንድ አንኳር ጨው አመጣችልኝ። ብጭነው ዋርካው ጋ ተንሸራተተ። ሰብሬ ግማሹን ጫንኩ፤ ቋጥኙ ሥር ቀረ። ከእኔ ቀጥሎ ባቡሩን ለማሳየት ተራው የደረሰው ሰው «ግድ የለም፣ ይሞክሩ» አለኝ። መጨረሻ ላይ ሁሉንም አራግፌ በሁለት ጣቴ የቆነጠርኩትን ብቻ ጫንኩ። ዋርካውን ዞረ። ቋጥኙንም አለፈ።

«ኮቱ…» አለች እትዬ፣ ቀስ ብላ።

በሯ ላይ ቆመ።

«አሁን ገባ» አለችና ግንባሯ ከስልኩ ላይ ጠፋ። ጎረቤቷ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ነጠላዋን ፍለጋ ዞራ ነው፤ እንባዋን ልትጠርግበት።

ሚኒባሱ ሥራ የጀመረ ለት ጎሬ ወጣሁ። አንድ ኪሎ ጨው ገዝቼ፣ ባቡሩ ያደረሰውንም ቁንጥር ጨው በወረቀት ጠቅልዬ ይዣለሁ። እትዬ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ሽሮ ታማስላለች። ወረቀቱን ተቀብላ ፈታችውና ድስቱ ውስጥ አራገፈችው። ኪሎውን በክንዷ ገፋ አደረገችው።

«ይሄ በመኪና የመጣ ነው፤ ይቆይ።»