ሳይበየድ የቆመው መስኮት

ይህን የምጽፈው ትናንት ለሚ ኩራ በሚሠራው አዲሱ ቤታችን አንድ ወጣት በያጅ የአሮጌውን መስኮት ፍሬም አገላብጦ አይቶ፣ «ይህ ሳይበየድ እንዴት ቆመ?» ብሎ ስለ ጠየቀኝ ነው። ከሠራነው ከሁለታችን የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ዝገቱን በመፍጫ ሲያነሣ የወጣው የብረት ሽታ ወደ ጉርድ ሾላው ግቢያችን መለሰኝ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ክረምት ገብቷል፤ የእናቴ መኝታ ክፍል ገና መስኮት የለውም፤ መብራት ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ጎረቤታችን ጋሽ ኪዳነ፣ ጡረታ የወጡ ብረት ሠራተኛ፣ ብየዳውን ትተው ጠፍጣፋዎቹን ብረቶች በየመገናኛቸው እስከ ግማሽ ድረስ በሴጌቶ፣ በእጅ የብረት መጋዝ፣ እየሰነጠቁ አንዱን በሌላው ውስጥ ሰኩ። የመጨረሻውን እንድቆርጥ ለእኔ ሰጡኝ። ስንጥቁን አሰፋሁት፤ ብረቱ ሲሰካ ተንቀጫቀጨ።

«መብራት ቢኖር በብየዳ ደፍነህ ታልፋት ነበር፤ አይደል፣ አንተ ሌባ?» አሉኝ እየሳቁ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«በል ሌላ ቁረጥ። እዚያ የምትተኛው እናትህ ናት።»

ደመናው እየከበደ ሳለ ሌላ ቆረጥሁ። በመዶሻ መታ መታ አድርገው አስገቡትና ፍሬሙን በአንድ ማእዘኑ ይዘው አንጠለጠሉት። አልተበተነም። ዝናቡ ሲጀምር መስኮቱ ግድግዳው ላይ ተተክሎ፣ መስታወት እስኪገባለት በላስቲክ ተሸፍኖ ነበር። እናቴ በዚያ ሌሊት በደረቅ አልጋ ተኛች።

መንገዱ ሲሰፋ ቤቱ ፈረሰ፤ ፍሬሙን ግን እንዳለ አወጣነው። የጎደለው አንድ ቤት፣ አራት መስታወትና ጋሽ ኪዳነ ነው።