የወንድሜ ጌም ቤትና የማይሰበረው ሪከርድ

ወንድሜ ኡጋንዳ፣ ኦልድ ካምፓላ በሚባል ሰፈር ውስጥ ጌም ቤት ነበረው። ከትልቁ መስጊድ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ከጫማ ማከፋፈያ ሱቅ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አራት ቴሌቪዥን፣ አራት ጥቁር የጨዋታ ማሽን፣ ስምንት ጆይስቲክ፣ ግድግዳውን ተደግፈው የተደረደሩ የፕላስቲክ ወንበሮች። ማሽኖቹ መመረት ካቆሙ ቆይተዋል። አንዱ ሲበላሽበት ሌላ የተበላሸ ፈልጎ ያመጣና ከሁለቱ አንድ ደህና ያወጣል። አዲስ አበባ እያለን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነበር። ሽቦ የሚበይድበትን ካውያ ሲይዝ እጁን ማየት ደስ ይላል፤ አይቸኩልም፣ አይንቀጠቀጥም።

አሥር ዓመት ይበልጠኛል። ከአገር አብረን ወጥተን ማኪንድዬ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየን፤ መሃሉን በመጋረጃ ከፍለን እሱ በዚያ፣ እኔ በዚህ እንተኛለን። እኔ ሙየንጋ ኮረብታ ላይ የአንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ቤት አጸዳለሁ፣ ልብስ እተኩሳለሁ። ጌም አልወድም። ጌም ቤቱን የምወደው ወንድሜ እዚያ ሲሆን ሰው ስለሚመስል ነበር። ሌላ ቦታ ሁሉ ስደተኛ ነው፤ እዚያ ግን ጌታ ነው።

የሚኮራበት አንድ ነገር ነበረው። እነዚያ ጥቁር ማሽኖች በዓለም ላይ ከተሸጡት የጨዋታ ማሽኖች ሁሉ በብዛት አንደኛ ናቸው። ይህን ለገባ ለወጣው ሁሉ ይናገራል። «ሪከርዱን የሚሰብር ገና አልተፈጠረም» ይላል፣ የራሱ እጅ ሥራ ይመስል።

የሚከራከረው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከሕንጻው ሥር ሞተሩን አቁሞ ተሳፋሪ የሚጠብቅ ቦዳ፣ የሞተር ታክሲ ነጂ፣ ከወንድሜ ጋር እኩያ የሚሆን፣ የሦስት ልጆች አባት። ሥራ ሲቀዘቅዝ ይወጣና አንድ ጨዋታ ኳስ ይጫወታል። የጨዋታ ዜና በስልኩ ይከታተላል። ወንድሜን በአገሩ አጠራር «ሴቦ» ይለዋል፤ ጌታው እንደማለት ነው።

«ሴቦ፣ ያ በእጅም የሚያዘው፣ ቲቪም ላይ የሚሰካው ማሽን ያንተን ሪከርድ ሊሰብር ነው ይላሉ።»

«አይሰብርም። እሱም እኮ አረጀ። ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው? ያረጀ ዕቃ ከዚህ በኋላ ስንት ሊሸጥ ነው?»

«ያንተስ አርጅቶ አይደል ሲሸጥ የኖረው?»

«የኔ ሌላ ነው። የኔን ሰው የገዛው ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ፊልምም ያሳያል። ሀብታሙ ሲጠግብ ድሃው ተቀበለው። እነሱ አገር አዲስ ማሽን ሲገዙ እኛ ገና እሱን መግዛት ጀመርን። እንደዚህ ያለ ዕድል ሁለቴ አይመጣም።»

ቦዳ ነጂው ይስቃል። ወንድሜ ግን አይስቅም ነበር፤ እንደ ቁም ነገር ነበር የሚከራከረው።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ፣ መጋቢት ላይ ኮሮና መጣ ተባለና ሁሉም ተዘጋ። መጀመሪያ አልደነገጥንም፤ የሳምንታት ነገር መስሎን ነበር። መንግሥት መግለጫ በሰጠ ቁጥር ጎረቤት ሄደን ቴሌቪዥን ፊት እንቀመጣለን። ሱቁ ይከፈት ተባለ። ታክሲው ይሂድ ተባለ። ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ተፈቀደላቸው። የመዝናኛ ቤቶች ተራ ሲደርስ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ለጊዜው እንደተዘጉ ይቆያሉ። ወንድሜ ተነስቶ ይወጣል። «በሚቀጥለው ነው» ይለኛል መንገድ ላይ። ይህን ስንት ጊዜ እንዳለኝ አላስታውስም።

ጌም ቤቷን ዝናብ እንዳያገኛት ፈርቶ፣ ቴሌቪዥኖቹን እዚያው በላስቲክ ሸፍኖ፣ ማሽኖቹን ወደ ቤት አመጣቸው። ቦዳ ነጂው በአራት ምልልስ አጓጓዘለት። አልጋው ሥርና ራስጌው ጋ ደረደራቸውና ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው እነሱን መፍታትና መግጠም ሆነ። ፈትቶ አቧራቸውን ይጠርጋል፣ ሲዲ የሚያነበውን ዓይናቸውን በጥጥ ያብሳል፣ መልሶ ይገጥማል። በማግስቱ ደግሞ እንደገና። የማጽጃ አልኮል ከሙየንጋ ለምኜ ለእጃችን ያመጣሁትን ለነሱ ጨረሰው። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ።

«ጋሼ፣ ማንም የማይጫወትበትን ማሽን ለማን ነው የምታጸዳው?»

«ለሚከፈትበት ቀን።»

«ሽጣቸው። ይህን የበቆሎ ገንፎ፣ ፖሾ ብቻ በልተን ሦስተኛ ወራችን ነው።»

ቀና ብሎ አላየኝም። «እታለም፣ እነዚህን ከሸጥኩ እኔ ምንድን ነኝ?» አለ።  መጋረጃውን ስቤ ተኛሁ።

የምሠራበት ቤት ውስጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ተጋድማ አንድ ማሽን በእጇ ይዛ ትጫወታለች። ግራና ቀኙ ቀይና ሰማያዊ ነው። አንድ ቀን ምን እንደሆነ እናቷን ጠየቅኋት። ስትነግረኝ ቦዳ ነጂው የሚያወራለት ያ ማሽን መሆኑ ገባኝ። ሰው ሁሉ ቤቱ ስለተዘጋበት ይገዛዋል፤ እነሱ አገር ከሱቅ አልቆ ዘመዶቻቸው ተሰልፈው ነው ያገኙት አለችኝ።

ማታ ለወንድሜ ነገርኩት። ባልነግረው ይሻል ነበር። ካውያውን ከሶኬት ነቀለ።

«እኛን የዘጋው በሽታ ለነሱ ገበያ ሆነላቸው ማለት ነው» አለ በመጨረሻ።

«ተወው፤ ማሽን ነው።»

«እኔ ምለው፣ ሪከርድ ሲሉ የሚቆጥሩት ከሱቅ አዲስ የወጣውን ብቻ ነው። የኔ አራቱ የተቆጠሩት አንድ ጊዜ፣ መጀመሪያ ሲሸጡ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት እጅ ዞረው እዚህ እንደደረሱ፣ እነዚያ ወንበሮች ላይ ስንት ሰው እንደተቀመጠ የቆጠረ የለም።»

ስለ ማሽን እያወራ እንዳልነበረ አሁን ይገባኛል። ያኔ ግን ደክሞኝ ነበር፤ ልብሴን ሳላወልቅ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ሰኔ ላይ፣ ሁለተኛው ሎክዳውን ታወጀ። በዚያው ሳምንት ወንድሜ ማሳል ጀመረ። በሦስተኛው ቀን መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አልጋውን ተደግፎ አገኘሁት፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። መኪና መንቀሳቀስ አይችልም፣ ቦዳ ዕቃ እንጂ ሰው መጫን ተከልክሏል። ቦዳ ነጂው ስደውልለት አንድም ነገር ሳይጠይቅ መጣ። ወንድሜን መሃል አስቀምጠን፣ እኔ ከኋላ አቅፌው፣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ወረድን። አንድ ኬላ ላይ ወታደር አስቆመን። ቦዳ ነጂው ሞተሩን አጠፋና በአገሩ ቋንቋ፣ በሉጋንዳ አንድ ነገር ተናገረ። ወታደሩ ጠጋ ብሎ የወንድሜን ፊት አየና ወደ ኋላው ሸሸ። በእጁ እለፉ አለን።

ሆስፒታሉ አልጋ አልነበረውም። ግቢው ውስጥ፣ በረንዳው ላይ፣ መኪና ውስጥ ሰው ተኝቷል። አንዲት ነርስ ጣቱ ላይ የደም ኦክስጅን መለኪያ ሰክታ አየችና ኦክስጅን ያስፈልገዋል አለች። «የት ነው የማገኘው?» ስላት ዓይኗ እንባ አቀረረ። መድኃኒት ጽፋ፣ የራሷ የነበረውን መለኪያም ሰጠችኝ። ያቺን ሴት ከዚያ በኋላ አግኝቼ አላመሰገንኳትም።

ወደ ቤት መለስነው። ከዚያ ሙየንጋ በእግሬ ወጣሁ፤ እየሮጥኩ ነው ብል ይሻላል። የምሠራበት ቤት እመቤት ባል ሚያዝያ ላይ ታሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የኦክስጅን ማሽን ገዝተውለት እንደነበር አውቃለሁ፤ ዕቃ ቤት ውስጥ አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ። በር ላይ ቆምኩ። የማውቀው እንግሊዝኛ ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ወደ ዕቃ ቤቱ ጠቆምኩ፣ ከዚያ በገዛ ደረቴ ላይ እጄን አሳረፍኩ። ሴትዮዋ ገባትና ራሷ አውጥታ ሰጠችኝ። ዕቃ ስለሆነ ቦዳው ላይ ጭነን ስንወርድ ማንም አልከለከለንም።

ሁለት ቀን ማሽኑ እየጮኸ፣ ወንድሜ ቱቦውን አፍንጫው ላይ አድርጎ ሰነበተ። ከንፈሩ ትንሽ ቀላ። ሾርባ ቀመሰ። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ መብራት ጠፋ።

ማሽኑ ጸጥ ሲል የሰማሁትን ዝምታ እስከዛሬ አልረሳውም። ቦዳ ነጂውን ደወልኩለት። «ጄኔሬተር» ከማለት ሌላ አልቻልኩም። በሩንና መስኮቱን ከፍቼ በካርቶን አራግብለት ጀመር፤ ምን ይጠቅማል፣ ግን ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። መለኪያው ላይ ያለው ቁጥር አንድ በአንድ ይወርዳል። ማየት አልፈለግኩም፤ ዓይኔን ከሱ ማንሳትም አቃተኝ። ለእግዚአብሔር የማይባል ነገር ሁሉ ተናገርኩ። ከአገራችን ያወጣኸን እዚህ በአንድ ሶኬት ልትገድለው ነው ወይ አልኩት።

ወንድሜ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ሰበረው?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝና ልጮህ ምንም አልቀረኝም። እየሞተ ስለ ሪከርዱ ይጠይቀኛል።

«አልሰበረውም ጋሼ» አልኩት። አላየሁም፣ አላውቅም፣ ዜናው የት እንደሚገኝም አላውቅም። «አልሰበረውም፤ አይሰብረውምም። አንተ ብቻ ተንፍስ።»

ቦዳ ነጂው አንድ ሰዓት ከምናምን ቆይቶ ጄኔሬተር ከኋላው አስሮ መጣ። የሰፈር ፊልም ማሳያ ቤት ከነበረው ሰው ነው ያገኘው። ያም ሰው እንደኛ ከተዘጋበት ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ለመብራት ብሎ ያስቀመጠውን ጄኔሬተር ከነነዳጁ አውጥቶ፣ «ለኔ እንደሆነ ምን ይሠራልኛል» ብሎ ሰጠው። በር ላይ አስነስተውት ገመዱን በመስኮት አስገባን። ማሽኑ መጮህ ሲጀምር ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ቁጥሩ ብዙ ቆይቶ ተመለሰ።

ወንድሜ ተረፈ። ተረፈ ስል ግን ያ የማውቀው ወንድሜ አይደለም። ነሐሴ ላይ ተነስቶ መራመድ ጀመረ፤ አሥር እርምጃ ሄዶ ያርፋል። እጁ ይንቀጠቀጣል። ሻይ ሲይዝ ሳህኑ ላይ ይፈሳል፤ አይቼ እንዳላየሁ ፊቴን አዞራለሁ።

በሁለት ሺህ ሃያ ሁለት መጀመሪያ፣ ሁሉም ይከፈት ተባለ። ሁለት ዓመት የጠበቀው ቀን ነው። ባለሕንጻው ደግ ሰው ነበር፣ ክፍሏን ለሌላ አልሰጠብንም። ማሽኖቹን መልሰን ወሰድን። ደረጃውን ለመውጣት ሦስት ቦታ ቆመ። ቴሌቪዥኖቹን አበራ፣ ወንበሮቹን ደረደረ፣ በሩ ጋ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ሳምንት ፈቃድ ጠይቄ አብሬው ነበርኩ። ከድሮ ደንበኞቹ ጥቂቶቹ ብቅ አሉ፤ ሰላም ብለው፣ አንድ ጊዜ ተጫውተው ሄዱ። አብዛኞቹ በሁለት ዓመት ውስጥ በስልካቸው መጫወት ለምደዋል። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ አዲስ ማሽን ያስገባ ሌላ ቤት ተከፍቷል።

አንድ ከሰዓት አንደኛው ማሽን ሲዲ አላነብም አለ። ቦዳ ነጂው አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። ወንድሜ ፈታው፣ ካውያውን አጋለ፣ ጎንበስ አለ። እጁ አልታዘዘውም። አንዴ ሞከረ፣ ሁለተኛ ሞከረ፣ በሦስተኛው አውራ ጣቱን አቃጠለ። ካውያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። ቦዳ ነጂው ወሬ ለመለወጥ ብሎ ነው መሰለኝ፣

«ሴቦ፣ ያ ማሽን እስካሁን እኮ ሪከርድህን አልሰበረም። እየተጠጋ ነው፣ ግን ገና ነው ይላሉ» አለው።

«ይሰብራል» አለ ወንድሜ።

«ምን?»

«ጊዜ አለው። የሚሸጥለት ሰው አለው። ይሰብራል።»

ቦዳ ነጂው ወደኔ ዞረ። ያን ሁሉ ዓመት ተከራክሮ ሲያሸንፍ ደስ ሊለው አልቻለም። ተነስቶ ወረደ፣ ሞተሩን ሲያስነሳ ሰማሁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሥራ ስመለስ ወንድሜ ቤት ነበር፤ በዚያ ሰዓት ቤት አይገኝም። አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። በሩ ጥግ ላይ አንድ ጆንያ ከሰል ቆሟል።

«ጋሼ፣ ጌም ቤቱስ?»

«ቁልፉን መለስኩ።»

«ማሽኖቹስ?»

«ለዕቃ ሰብሳቢ ሰጠኋቸው። በኪሎ። ከሰሉን በዚያ ገንዘብ ገዛሁት።»

ሽጣቸው ብዬ የጮህኩበት እኔ ነኝ። ግን በኪሎ መሆኑን ስሰማ እንባዬ መጣ።  ከሰሉን አያያዝኩ፣ ፖሾ ሠራሁ፣ ብላ አልኩት። በላ። 

ዓመቱ እስኪያልቅ ሥራ አልያዘም። ጠዋት ጠዋት ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥቼለት ወደ ሙየንጋ እወጣለሁ። ቦዳ ነጂው እሑድ እሑድ ይመጣል፤ ሮሌክስ ይዞ፣ ያን በቻፓቲ የሚጠቀለለውን እንቁላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይበላሉ። ስለ ዝናብ ያወራሉ፣ ስለ ነዳጅ መወደድ ያወራሉ። ወንድሜ አንዳንዴ መሃል ላይ ትንፋሽ ያጥረውና ያቆማል። ቦዳ ነጂው ሌላ ቦታ እያየ ትንፋሹ እስኪመለስለት ይጠብቀዋል።