የተሰጠ ነገር

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሙጫ እንኳ ሳያሸት የማይገዛ አናጺ ነበር። የወንድሜ ሚስት ጀርመናዊት ናት። ወንድሜ በቋንቋዋ «ጊፍት» መርዝ ማለት እንደሆነ በቀልድ ስለነገረው፣ ለሳሉ ያመጣችለትን ሽሮፕ በጥርጣሬ ገፋው።

«እንግሊዞቹ ስጦታ የሚሉትን እናንተ መርዝ ትሉታላችሁ። ምን ልታጠጪኝ ነው?»

«አባባ፣ ሁለቱም ‹መስጠት› ከሚለው ግሥ የመጡ ናቸው። የጥንት ሰዎች መርዝ ላለማለት ‹የተሰጠው› እያሉ ሸፋፈኑት።»

«ሸፋፈኑት!» አለ አባቴ ወደ እኔ ዞሮ። «ሰማሽ?»

እሷም ሳቀች። «እናንተስ ለሰውም ለአይጥም ‹መድኃኒት› አይደል የምትሉት?»

አባቴን ሳሉ ሲያጣድፈው ማንኪያውን አቀበላት። «በይ፣ መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ።»

ቀመሰች፤ ፊቷ ተጨማደደ።

«መርዝ ቢሆን ኖሮ ታጣፍጪው ነበር፤ ስጪኝ» አለ።