የአባት ስም ሲቀድም

ጥርጣሬን የወረስኩት ከእናቴ ነው። እናቴ ዘይት ስትገዛ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስታ ታያለች፤ ለቅሶ ቤት ሄዳ ማን ከልቡ እንዳለቀሰ ለይታ ትመለሳለች። «ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር» የምትለው ተረት ከአፏ አይጠፋም። እኔም ያንኑ ዓይን ይዤ ኮምፒውተር ተማርኩ፤ ለሙያው አልጎዳኝም። ሲስተም የሚጠብቅ ሰው ሁሉንም ካልጠረጠረ ደመወዙን በከንቱ ይበላል።

በዚያን ጊዜ ቃሊቲ ባለ አንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራ ነበር። ለባቡሩ መስመር መንገዱ እየተቆፈረ ስለነበር አቧራው በተዘጋ መስኮት ሳይቀር ይገባል። ሰርቨሩ ያለበትን ክፍል በር ሥር በእርጥብ ጨርቅ ወትፌ ነበር የምሠራው።

ኮሌጁ የተመራቂዎቹን የመመረቂያ ጽሑፎች በሙሉ ስካን አድርጎ ሰርቨር ላይ ሊያስቀምጥ ወሰነ። ፕሮግራሙ ከውጭ በነፃ የሚገኝ ነው። አስቸጋሪው መጫኑ ሳይሆን ሴቲንጉ ነበር፤ ጥያቄው አያልቅም። ማን ያስገባ? ማን ያጽድቅ? ለማን ይከፈት? ስብሰባ ላይ አንዱ መምህር ለሁሉም ከተከፈተ ተማሪው ይገለብጠዋል አለ። ሌላው ደግሞ ከተዘጋ በር ላይ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች እየሸጡ ይከብሩበታል አለ። ሁሉም የሚናገረው ጎኑ የተቀመጠውን በጎሪጥ እያየ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ በግምገማ ስማቸው እንዳይነሳ ብቻ የሚኖሩ ሰው፣ ስብሰባው ሲያልቅ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ሲስተሙ እንደጠየቀ ሙዪለት። ፈረንጅ የሠራውን እየነካካን በኋላ ተጠያቂ እንዳንሆን» አሉኝ።

ሲስተሙ ስለ ጸሐፊው የሚጠይቀው የቤተሰብ ስምና የራስ ስም ነው። ዝርዝሩን የሚያወጣውም የሚፈልገውም በሚቀድመው ስም ብቻ ነው፤ የሚያስቀድመው ደግሞ የቤተሰቡን ነው። እኛ ደግሞ ያለን የአባት ስም ነው። እንደታዘዝኩት በቤተሰብ ስም ቦታ አባቶችን ሞላሁ፤ የኮሌጁ ምሩቃን ሁሉ በየአባቶቻቸው ሥር ተሰለፉ። መጀመሪያ አስቆኝ ነበር። የማይተዋወቁ ሰዎች የአባቶቻቸው ስም ስለገጠመ ብቻ እንደ እህትና ወንድም ተደርድረዋል።

መሥራቱን ለመሞከር የገዛ አባቴን ስም ጻፍኩ። የጠበቅሁት ሁለት ሰው ነው፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ እዚያው በማታው ክፍል ነው የተመረቅነው። ሦስት ወጣ።

ሦስተኛዋ ሴት ናት። በአካውንቲንግ የተመረቀች፤ ጽሑፏ ሳሪስ አቦ ያሉ ሱቆች ሒሳባቸውን እንዴት እንደሚይዙ የሚያጠና። በአባቴ ስም የሚጠራ ሌላ አባት አይጠፋምና እንደሌሎቹ ነው ብዬ ሽፋኑን ከፈትኩ። ስሟ እስከ አያት ተጽፏል። የአያቴ ስም ነው። ያንን ስም ከአያቴ ሌላ የተጠራበት ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ ትምህርት ቤት ሳለን ስም የሚጠራ መምህር ሁሉ እዚያ ላይ ሲደርስ ይደናቀፍ ነበር።

የምስጋናውን ገጽ ገለጥኩ። የማንም የምስጋና ገጽ ያው ነው፤ እግዚአብሔር፣ አማካሪ፣ ቤተሰብ። የእሷ መጨረሻው ላይ «ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ ትኩስ ዳቦ ይዞልኝ ለሚመጣው አባቴ» ይላል። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንተ ትበላቸው አንቱ አይታወቅም። እኔ እናቴን አንቺ፣ አባቴን አንቱ እያልኩ ነው ያደግሁት።

የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፤ ንዴት ነው። አባቴ ጡረታ እስኪወጡ አቃቂ አንድ ክር ፋብሪካ በፈረቃ የሠሩ ሰው ናቸው። የሌሊት ፈረቃ የሚያልቀው በጠዋት ነው። እኛ ቤት ግን የሚደርሱት ለምሳ ሲሆን «ተቀባዬ ቀረብኝ» ይላሉ፤ ተቀባይ ማለት ማሽኑን የሚረከባቸው ሠራተኛ ነው። እናቴ ያንን አይታው የማታውቀውን ሰው ስትረግም ነው ያደግነው። ዘይቱን በብርሃን የምታየው ሴት ተቀባዩን አንድ ቀን አልጠረጠረችውም። አባቴ ደግሞ ለእኛ ትኩስ ዳቦ ይዘው ገብተው አያውቁም።

ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ የማየው ሁሉ ሌላ መልክ ያዘ። አባቴ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሪስ አቦን ሊሳለሙ ይሄዳሉ። ስለት አለብኝ ይሉ ነበር። ቤታችን ካለበት ከአቃቂ ሳሪስ ድረስ ስንት ቤተ ክርስቲያን አልፈው እንደሚሄዱ አስቤው አላውቅም ነበር። አሁን እራት ላይ ያ ስለት ምን እንደነበር ልጠይቅ አፌን እከፍትና እናቴን ሳይ እዘጋዋለሁ።

የፈራሁት ለእናቴ ነው። ሲስተሙ በሚቀጥለው ሳምንት ለተማሪ ሊከፈት ነበር። ከእናቴ ጋር አንድ ዕድር ያሉ የጎረቤታችን ልጅ እዚያው ትማራለች፤ የሰፈሩን ሰው ስም እየጻፈች እንደምትፈልግ አልጠራጠርም። እሷ ካየችው እናቴ ጉዷን የምትሰማው ከዕድር ሰው አፍ ነው።

መፍትሔው እዚያው ሴቲንጉ ውስጥ ነበር። እንደ አገራችን ወግ የራስ ስም ይቅደም ካልኩት ሦስታችንም በየስማችን እንበተናለን፤ አባት ኋላ ይቀራል፣ ማንም አያስተውልም። ኃላፊው ቢሮ ገባሁ።

«በእኛ አጠራር ቢሆን ይሻላል፤ እኛ ጋ ሰው በአባቱ ስም አይፈለግም» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ስብሰባው ላይ ምንም አላልሽም። ዛሬ ምን ተገኘ?»

«ምንም አልተገኘም።»

«እንዲህ በይ ያለሽ ሰው አለ?»

«ማንም አላለኝም።»

አላመኑኝም፤ እኔም ብሆን አላምንም ነበር። «እንግዲህ ቢበላሽ በራስሽ ነው» ብለው ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

ሳልለውጠው በፊት ግን አባቴ እንዲያዩት ፈለግሁ። ፊታቸውን ማየት ነበር ያማረኝ። «ኮምፒውተር ላይ ስምዎ ወጥቷል፣ ይምጡና ይዩት» አልኳቸው። የክት ኮታቸውን ለብሰው መጡ። በፋብሪካው የማታ ትምህርት የእንግሊዝኛ ፊደል ቆጥረዋልና በጣታቸው እየተከተሉ ማንበብ ያዙ። የወንድሜን አለፉ፤ የእኔን አለፉ። ጣታቸው ሦስተኛው ስም ላይ ሲደርስ ቆመ።

አሁን እንደ ተቀባያቸው ያለ ሰበብ ያመጡልኛል ብዬ ጠበቅሁ። ምንም አላመጡም።

«ሁላችሁም» አሉ ቀስ ብለው። «እንዲህ አንድ ላይ አይቻችሁ አላውቅም።»

ንዴቴ እንዳይበርድብኝ ዓይኔን ከፊታቸው አንሥቼ ስክሪኑ ላይ ተከልኩ።

«እንዲሁ እንዳላችሁ ቢቀመጥስ?»

«እማዬ ከዕድር ሰው አፍ ትስማው?»

ሴቲንጉን ከፍቼ እዚያው ፊታቸው ለወጥኩት። ገጹ ተመልሶ ሲመጣ ዝርዝሩ ሌላ ሆኗል፤ ሦስታችንም በየስማችን፣ በሌላ ሰው መሐል ገብተናል። አባቴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ፈለጉ።

«እኔ አሁን የት ገባሁ?»

«ከየልጆችዎ ኋላ።»

ባርኔጣቸውን አነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ እርጥቡን ጨርቅ በእግራቸው ገፋ አደረጉና ሳይዞሩ «እህትሽ ግን ታውቅሻለች፤ ከድሮም ታውቅሻለች» አሉኝ።

አላመንኳቸውም። ያን ሁሉ ዘመን ተቀባይ ሲቀርባቸው የኖሩ ሰው ምናቸው ይታመናል? ውሸታቸውን ልይዝ ጽሑፏን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩት። ስለ እኔ አንድም ቃል የለም። ሱቅ፣ ደረሰኝ፣ ግብር፣ እንደገና ሱቅ። ደስ እያለኝ የመጨረሻው ገጽ፣ ዋቢዎቹ ጋ ደረስኩ።

ስለ ሒሳብ አያያዝ ከተጻፉት መጻሕፍት መሐል የእኔ መመረቂያ ጽሑፍ ተዘርዝሯል፣ ከነሙሉ ስሜ፣ እስከ አያት። የእኔ ጽሑፍ ስለ ኔትወርክ ገመድ ዝርጋታ ነው፤ ከሳሪስ አቦ ባለሱቆች ጋር የሚያገናኘው ምንም የለም። ከመደርደሪያው አውርዳ ያነበበችው እኔ እዚያው ሕንፃ ውስጥ እየሠራሁ ይሆናል። ምናልባትም አይታኛለች።

ስም የሚያስቀድም ሴቲንግ አለ፤ ስም የሚያስከትልም አለ። ያንን መስመር ከዚያ ገጽ የሚያወጣ ግን የለም። ፈልጌያለሁ።