ቦታዋን ሳትለቅ የምትራመድ ሴት

በ1976 ዓ.ም. ጂንካ ውስጥ፣ ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ የሚሆን ሥዕልና ካርታ በሚሠራ አንድ ትንሽ መሥሪያ ቤት በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጥሬ ነበር። ዕድሜዬ ሃያ አራት፣ ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ነው። እጄ ላይ የነበረው ሙያ ጥልፍ ብቻ ነው፤ የጠረጴዛ ልብስ አበባ ነድፌ ለጎረቤት እሰጥ ነበር።

አለቃችን ጋሼ ዳርጌ አንድ ቀን ከቆሻሻ ቅርጫት አጠገብ የነደፍኩትን አበባ አገኘው።

«ይህን ማነው የሣለው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ወረቀቱ የተጣለ ነው።»

«ስለ ወረቀቱ ማን ጠየቀሽ?»

በማግስቱ ጠርቶ ነገረኝ። ለሦስት ወር በሙከራ ሥዕል እሠራለሁ። ጠዋት እንደ ወትሮዬ እጠርጋለሁ። ሦስቱ ወር ሲያልቅ እሱ አርባ ምንጭ ላሉት የበላይ አለቆች ሪፖርት ይጽፋል፤ ከተስማሙ ረዳት ሠዓሊ እባላለሁ፣ ካልተስማሙ ወደ መጥረጊያዬ እመለሳለሁ። ነገሩን ከመፈለጌ የተነሣ ለእናቴ እንኳ መንገር አፈርኩ።

ሥራው የሚንቀሳቀስ ሥዕል ነበር። ዲመካ ያለው ጤና ጣቢያ፣ የሐመር እናቶች ልጆቻቸውን ለክትባት እንዲያመጡ የሚያሳይ ነገር ጠይቆ ነበር። ልጇን ይዛ የምትራመድ ሴት በአሥራ ሁለት ወረቀት ትሣላለች፤ ወረቀቶቹ ተጠርዘው በአውራ ጣት ቶሎ ቶሎ ሲገለጡ ሴትየዋ የምትሄድ ትመስላለች። ጋሼ ዳርጌ ይህንን አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት ሠልጥኖ ነው የመጣው።

«ስትራመድ ሣያት» አለኝ። «ግን ከቦታዋ እንዳትነቃነቅ።»

«ካልተነቃነቀች እንዴት ትራመዳለች?»

«እግሯ ይራመዳል እንጂ እሷ አትሄድም።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። ምንም አልገባኝም።

ከመጀመሪያው ወረቀት ጀምሬ አንዱን ከአንዱ አስከትዬ ሣልኩ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ሴትየዋ ከመጀመሪያዋ በአንድ ራስ በልጣለች። አሥረኛው ላይ የእግሯ ጣት ከወረቀቱ ወጣ። ጋሼ ዳርጌ ገለጠው።

«እየሄደች ነው ወይስ እያደገች?»

ከዚያ በሥልጠናው ላይ የጻፈበትን ማስታወሻ ደብተር አወጣ። «ሁለቱን ጫፍ አስቀድሚ። አንዱ ላይ ቀኝ እግር ፊት፣ ሌላው ላይ ግራ እግር ፊት። ከዚያ መሃሉን ትሞያለሽ።»

«መሃሉ ምን ይመስላል?»

ቀጣዩን ገጽ ገለጠ፤ ባዶ ነው። «እዚህ ላይ ወባ ያዘኝ። አራት ቀን አልገባሁም።»

«ታዲያ መሃሉን ማን ያውቀዋል?»

«አንቺ ሰው ሲሄድ አይተሽ አታውቂም?»

ማየትስ አይቻለሁ፤ ግን ልብ ብዬ አላውቅም። ቅዳሜ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ዳር ተቀመጥኩ። ለገበያ የሚመጣው ሰው ሁሉ በዚያ ነው የሚያቋርጠው። ፊት አላየሁም፤ እግር ብቻ። አንዲት የአሪ ሴት ጭራሮ ተሸክማ ስታልፍ፣ አንዱ እግሯ በሌላው አጠገብ በሚያልፍበት ቅጽበት ሸክሙ ትንሽ ከፍ አለ፤ እግሮቿ ሲራራቁ ደግሞ ዝቅ አለ። መሃሉ ይኼ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ቤት ገብቼ በራሴ ልሞክረው ስነሣ መራመድ ጠፋኝ። ቀኝ እጄና ቀኝ እግሬ አብረው ሄዱ።

«ልጅት፣ ምን ቀምሰሽ መጣሽ?» አለችኝ እናቴ።

ጋሼ ዳርጌ በሣጥን ላይ የመስኮት መስታወት አጋድሞ ከሥሩ የፊት መስታወት አደረገልኝ። ቀን መብራት ስለሌለ የመስኮቱ ፀሐይ ከታች እየበራ የሥረኛውን ሥዕል ወደ ላይኛው ወረቀት ያሳየኛል። ወረቀቶቹ እንዳይንሸራተቱ ጠርዛቸውን በስተን ሁለት ምስማር ላይ እንሰካቸዋለን። ፀሐይዋ የምትመቸው ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ብቻ ነው፤ ደመና ከመጣ እቀመጣለሁ።

እግሩ እንደ ምንም ተስተካከለ። ሴትየዋ ግን ባዶ መሰለችኝ። በቅቤና በቀይ አፈር የተገመደ ጸጉሯን፣ የፍየል ቆዳ ልብሷን፣ ጨሌዋን ጨመርኩ። የአንገቷን ብረት ጂንካ ገበያ ካየሁት አስታውሼ ሣልኩት። አንዳንዱ ወረቀት ላይ ሁለት ልሙጥ ቀለበት፣ አንዳንዱ ላይ ከፊት እንደ አውራ ጣት ብቅ ያለ ብረት ያለው፣ ሁለቱ ላይ ደግሞ ምንም። በጥልፍ ለአራቱም ማዕዘን አንድ ዓይነት አበባ አላደርግም ነበር፤ እዚህም እንደዚያው ያምራል ብዬ ነው። ጋሼ ዳርጌም «አቤት ጥሩዬ፣ እጅሽ!» አለኝ።

ሙከራዬ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው በላንድሮቨር ዲመካ ወረድን። የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ መርፌ ወጊው ዶላሞ፣ የሐመር ልጅ ነው፤ አስተርጓሚያችንም እሱ ነበር። ዛፍ ሥር ለተሰበሰቡት ሴቶች የሥዕሉን ደብተር ገለጠላቸው። ሳቁ። እኔም የተሳካ መስሎኝ አብሬ ሳቅኩ። አንዲት አሮጊት ግን ደብተሩን ተቀብላ አንድ በአንድ መግለጥ ጀመረች፤ በየወረቀቱ ትናገራለች፣ ሴቶቹም ይመልሱላታል።

«ምን አለች?» አልኩት።

ዶላሞ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ይህች የመጀመሪያ ሚስት ናት ትላለች፤ ብቅ ያለውን ብረት የመጀመሪያ ሚስት ብቻ ናት የምታደርገው። ልሙጡን ያደረገችው ይህችኛዋ በላይዋ የመጣች ጣውንት ናት። ይህች ደግሞ አንገቷ ባዶ ነው፣ ገና አላገባችም። የማንን ልጅ ነው የያዘችው?»

«አንድ ሴት ናት!»

ተረጎመላቸው። አሮጊቷ አየችኝና አንድ ነገር አለች።

«አንድ ከሆነች፣ በመንገድ ላይ አግብታ፣ ጣውንት ሆና፣ ተመልሳ ልጃገረድ ሆነች ወይ ትልሻለች።» ከዚያ ሳቁን ተወ። «የባሰው ግን ይኼ ነው ጥሩዬ። ትልልቆቹ ሚስቶች ክትባቱ ለትንንሾቹ ነው ይላሉ፤ ትንንሾቹ ለትልልቆቹ ነው ይላሉ።»

በዚያ ቀን ልጁን ያመጣ ሰው አልነበረም።

ጋሼ ዳርጌ መኪናው ዘንድ ሄዶ ቆመ። «ሪፖርቱ ዓርብ በአውሮፕላን ይሄዳል። ምን ብዬ ልጻፍ?»

«እንደገና ልሥራው።»

«ሦስት ቀን ነው ያለሽ።»

«ልሥራው ጋሼ።»

ግን ምኑን ነው የምሠራው? ዶላሞን ጠየቅኩት። ብቅ ያለውን ብረት ባደርግላት ትንንሾቹ ይቀራሉ፤ ልሙጡን ባደርግ ትልልቆቹ። ባዶ ከተውኳት ልጅ የያዘች ልጃገረድ ትሆናለች።

«እኔ ሥዕል አላውቅም» አለ።

እኔም አላወቅኩም። በመመለሻው መንገድ ሁሉ ይህንኑ ሳወጣና ሳወርድ ቁልቁለቱንም ዳገቱንም አላየሁትም። መንገድ ላይ አንድ ቦታ ስንቆም አንዲት ሴት ልጇን በደረቷ አቅፋ ወደ ውሃ ጉድጓድ ትሄድ ነበር፤ ልጁ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ፊቱን ቀብሯል። አንገቷ ላይ ምን እንዳለ አይታይም። ትልቋ ትሁን ትንሿ ማወቅ አይቻልም፤ እናት መሆኗ ብቻ ነው የሚታየው።

ረቡዕ ጠዋት አንዲት ሴት አስተካክዬ ሣልኩ፤ ልጁ አንገቷን አቅፏል። እሷን ከሥር አድርጌ፣ ከወገብ በላይ ያለውን አሥራ አንዱም ላይ አንድ ዓይነት ገለበጥኩ፤ የለወጥኩት እግሩንና የሰውነቷን ከፍታ ብቻ ነው። ጨሌውን ተውኩት። ሐሙስ ደመና ሆኖ ግማሽ ቀን ቁጭ አልኩ። ዓርብ አውሮፕላኑ ከመድረሱ በፊት ዳርቻውን ሰፍቼ አቀረብኩ።

ጋሼ ዳርጌ ገለጠው። ደግሞ ገለጠው።

«ታነክሳለች» አለ።

ደብተሩን መልሼ ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ።

«ልጁ ከብዷት ይሆናል» አለና ብዕሩን አነሣ።

ረዳት ሠዓሊ የሚለው ደብዳቤ በሚያዝያ መጣልኝ። ዶላሞም ደብተሩን ዲመካ ካሳየ በኋላ ከትልልቆቹም ከትንንሾቹም ሚስቶች ልጅ ይዘው የመጡ እንዳሉ ላከብኝ፤ ብዙዎቹ መጀመሪያ የጠየቁት ልጁ ምን አስፈርቶት ነው አንገቷን የያዘው ብለው ነው አለ። ደስ ብሎኝ ለእናቴ ያን ጊዜ ነገርኳት። አንድ ቅጂ ለራሴ አስቀርቼ ስለነበር ማታ ማታ እየገለጥኩ አየው ነበር። ሴትየዋ በግራ እግሯ ታነክሳለች። አሥራ ሁለቱንም ወረቀት እየነጠልኩ ለካሁ፣ ከጎረቤት ሴቶች እግር ጋር አስተያየሁ። የትኛው ወረቀት ላይ እንደተሳሳትኩ ግን አላገኘሁትም።