ያልፈረመ ሽማግሌ

እትዬ ጽጌሬዳ ኤርድሪ ከተማ ያለች አራስ የእህታቸውን ልጅ ጠይቀው ሲመለሱ፣ ነዳጅ ሊቀዱ ከሀይዌዩ ወጡ። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት ነበር። ቀድተው ሲጨርሱ ጥግ ላይ ሞተሩ ሳይጠፋ የቆመ ግራጫ ቫን፣ በውስጡም የሚያውቁትን ቀይ ኮፍያ አዩ። የአበሻው ኮሙኒቲ ማኅበር ጸሐፊ ወልደየስ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን እጁን አውለብልቦ ያልፍ ነበር። እትዬ ጽጌሬዳ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ አንገቱን የደፋ ሰው አይተው ማለፍ አይሆንላቸውም። መስኮቱን አንኳኩ።

«አንተ! መኪናህ ተበላሸ እንዴ?»

«ኧረ እትዬ ጽጌ! ደህና ነኝ። ይግቡ፣ ይግቡ፤ ይበርድዎታል።»

ገቡ።

«ልጄን ናሆሚን እየጠበቅኩ ነው» አለ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት እዚህ እንቀባበላለን። ውዳሴ ከኤርድሪ ታመጣታለች፣ እኔ ከቴምፕል ሰፈር እመጣለሁ።»

«ገና ስምንት ሰዓት እኮ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ወልደየስና ውዳሴ መለያየታቸውን ያልሰማ አልነበረም። እንዴት ሆኖ ነው የሚለውን ግን ደፍሮ የጠየቀ የለም። እትዬ ጽጌሬዳም አልጠየቁም፤ ጓንታቸውን አውልቀው ተደላድለው ተቀመጡ። ለወልደየስ ይሄው በቂው ነበር፤ ያወራላቸው ጀመር።

እሱ ቀን ቀን ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ ውዳሴ ሌሊት ሌሊት አረጋውያን ትንከባከባለች። አሥር ዓመት ሙሉ እሷ ስትገባ እሱ ሲወጣ፣ በር ላይ «በልታለች»፣ «ትንሽ አተኩሷታል» እየተባባሉ አንድ ልጅ አሳድገዋል። ፍሪጁ ላይ የተለጠፈች የተራ ወረቀት ነበረቻቸው፤ ማን ያደርሳል፣ ማን ይመልሳል የምትል። ባልና ሚስቱ ተኮራርፈው እንኳ ወረቀቷ ተዛብታ አታውቅም።

ከዚያ የኮሙኒቲው የአመራር ምርጫ መጣና ውጤቱ አወዛገበ። ግማሹ ሰው «ይደገም» አለ፣ ግማሹ «አይደገምም»። ወልደየስ የ«አይደገምም» ወገን ሆኖ ፊርማ ሊያሰባስብ ተነሣ። የውዳሴ ወንድም ኪራኮስ ደግሞ «ይደገም» የሚለውን ወረቀት ይዞ ዞረ። የቤታቸው ስልክ ዕረፍት አጣ።

«ያኔ ናሆሚ የትምህርት ቤት ሥራ ነበራት» አለ ወልደየስ። «የዛሬ መቶ ሠላሳ ምናምን ዓመት ስለነበረ ፖለቲከኛ ቤተሰብ። ሰውየው ዊንተሩን ሙሉ ኦታዋ ፓርላማ ነው፣ ሚስቱ እዚህ ስድስት ልጅ ታሳድጋለች። የትኛው ልጅ ትምህርት ቤት ይቀየር፣ የትኛው ሐኪም ይየው፣ ሁሉን በደብዳቤ ነው የሚያዛት። ‹ልጆቹ አባታቸውን የሚያውቁት በእጅ ጽሑፉ ነው› ብላ ጻፈች ናሆሚ። ‹አገር እየሠራ ነበር እኮ› አልኳት። ምን አለችኝ መሰለዎት? ‹አንተስ ዳድ? እኔም አንተን የማነብህ የኮሙኒቲው የስልክ ግሩፕ ላይ ነው።›»

«ወይ የዘንድሮ ልጅ!» ብለው ሳቁ እትዬ ጽጌሬዳ። እሱ አልሳቀም።

«ዲሴምበር ላይ ከዋና የምመልሳት እኔ ነበርኩ። አንድ ቤት ላስፈርም ገብቼ ቆየሁ። ገንዳው ተዘግቶ፣ በእርጥብ ፀጉሯ በር ላይ አርባ ደቂቃ ቆማለች። አንዲት የማናውቃት ሴት ናት መኪናዋ ውስጥ አስገብታ ለእናቷ የደወለችላት። ውዳሴ አልጮኸችም እትዬ። በሳምንቱ ልጇን ይዛ ወጣች።»

«ሽማግሌ አልላክህም?»

«ላክ ብላኛለች። ‹ሦስት ሽማግሌ ላክ፣ እሰማለሁ፤ ግን በአንተም በወንድሜም ወረቀት ላይ ያልፈረመ ይሁን› አለች። እስከ ሰኞ ነው። ሰኞ የፍቺውን ወረቀት ትፈርማለች።»

«ታዲያ ይሄ ምን ይከብዳል!»

«ሰው የለማ! እኔና ኪራኮስ ማንን አስቀረን? ያገኘሁት ሁለት ብቻ ነው። ገረመው አለ፣ ከመጣ ሦስት ወሩ ነው፤ የማንንም ቤት አያውቅም። ጋሽ ፍስሐ አሉ፤ እሳቸው የገዛ ስማቸውም ጠፍቶባቸዋል።»

«በል ተወው፣ ሦስተኛዋ እኔ ነኝ!» አሉና ጉልበቱን መታ አደረጉት። «እኔ ከእናንተ ጭቅጭቅ ውስጥ ምን አለኝ!»

ወልደየስ መሪውን ጨበጠ።

«እርስዎም ፈርመዋል እትዬ።»

«እኔ? መቼ?»

«እኔው ነኝ ያስፈረምኩዎት። ሳሎንዎ ውስጥ።»

እትዬ ጽጌሬዳ ትዝ አላቸው። በራቸው ላይ ቆሞ፣ ጆሮው እንደ ቲማቲም ቀልቶ። ይሙቅህ ብለው ጎትተው አስገቡት፣ ሾርባ አቀረቡለት፣ ወረቀቱን ሲዘረጋ ስማቸውን ጻፉለት።

«አዝኜልህ እኮ ነው! ምን እንደሚል እንኳ አላነበብኩትም!»

«ማንስ አነበበው፣ እትዬ።»

ውዳሴ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደረሰች። እትዬ ጽጌሬዳ አላስቻላቸውም፤ ወርደው ሄዱ። ውዳሴም አክብራ ወረደች፣ ጉንጫቸውን ሳመች።

«ልጄ፣ የሰኞውን ነገር ትንሽ ብታቆዪው? እኔ ልግባበት።»

«እርስዎን እወድዎታለሁ እትዬ ጽጌ። ግን ስምዎ በወልደየስ ወረቀት አርባ ሦስተኛው ላይ ነው። የስም ዝርዝሩን የናሆሚ የተራ ወረቀት የነበረበት ቦታ ነው የለጠፈው፤ በየጠዋቱ ሳነበው በቃሌ ይዤዋለሁ።»

«ተሳስቼ ነው፣ ሰርዙኝ ብልስ?»

«ለእርስዎ ብዬ እሺ ብል ነገ ሌላውን ያሰርዝና ያመጣል። አንድ ሰው እንኳ ሳይነካ ትቶ እንደሆነ ማየት ነበር የፈለግኩት።»

ናሆሚ ቦርሳዋን ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው አሻገረች። እናትና አባቷ በየመኪናቸው ሆነው በመስታወት ራስ ነቀነቁ፤ ውዳሴ ሄደች። እትዬ ጽጌሬዳ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ቆሙ። ወልደየስ ወርዶ የመኪናቸውን በር ከፈተላቸው።

«ይቅር በለኝ ልጄ» አሉት። «ምንም አልጠቀምኩህም።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እትዬ» አለ፣ ናሆሚ እንዳትሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እሷ ገንዳው በር ላይ ስትጠብቀኝ እኔ እርስዎ ቤት ሾርባ እየጠጣሁ ነበር። ምነው ያን ቀን በሩን ባልከፈቱልኝ።»